በምስማሩ ላይ የቀረው ሽጉጥ

ሽጉጥ ጠጋኙን ተመትቶ ወድቆ ያገኘው ጎረቤቱ ልብስ ሰፊው ነው። ከምሳ በኋላ ተኩስ ሰማ፤ መጀመሪያ ግን ቁብም አልሰጠው። የሽጉጥ ጠጋኝ ጎረቤት የሆነ ሰው ጆሮው ይደነድናል። ጠጋኙ የሠራውን ሽጉጥ ሁሉ ከጓሮ ባስቀመጠው፣ አሸዋ በተሞላ በርሜል ውስጥ ተኩሶ ይሞክራል። ሲያበቃ ደግሞ ጎረቤቱ እንዳይሰጋ በግድግዳው በኩል «ደህና ነው» ብሎ ይጣራል። የዓመታት ልማዳቸው ነው። ያን ቀን ልብስ ሰፊው መርፌውን እንደያዘ «ደህና ነው» እስኪባል ጠበቀ። ድምፁ ሲቀርበት የያዘውን ሁሉ ይዞ ሮጠ።

እግሩን ይባርክለት። እኔ ስደርስ ጠጋኙን አምቡላንስ ወስዶታል፤ ልብስ ሰፊው ደጃፉ ላይ ቁጭ ብሏል። በእጁ የነበረውን የሙሽራ ሱሪ ጠቅልሎ ቁስሉ ላይ ተጭኖ፣ የሕክምና ሰዎቹ እስኪደርሱ ድረስ ክንዱን አላላላም። በኋላ ሐኪሙ እንደነገረኝ ጠጋኙን ከሞት ያተረፈው ያ ሱሪ ነው። ልብስ ሰፊው ግን ያስጨነቀው ሌላ ነበር።

«ለሙሽራው ምን ብዬ ልንገረው?» አለኝ።

«እኔ እነግርልሃለሁ» አልኩት። ነገርኩትም።

በዚህ የመርማሪነት ሥራ ብዙ ክፉ ነገር አይቻለሁ። ይኼን ጉዳይ ግን ባነሣሁ ቁጥር ቀድሞ አፌ ላይ የሚመጣው ምስጋና ነው፤ የማመሰግነውም አንድ ሰው ብቻ አይደለም።

ሱቁ ሁለት ክፍል ነው። ፊት ለፊት መሥሪያው አለ፤ ሞርሳ የታሰረበት ጠረጴዛ፣ በየመጠናቸው የተደረደሩ ሞረዶች፣ ዘይት የጠጣ ጨርቅ። ከኋላ ያለው ክፍል ውስጥ ያረጁ ወንበሮች አንድ ጠረጴዛ ከበዋል። እዚያ በሳምንት አንድ ቀን የጠጋኙ ደንበኞች ተሰብስበው፣ ሻይ እየጠጡ፣ ለወገብ የሚሆነው ሽጉጥ የትኛው ነው እያሉ ይከራከራሉ። በመካከለኛው በር አጠገብ በረድፍ ምስማር ተመትቷል። የጠጋኙ ሕግ አንዲት ናት፤ ክርክር ባለበት ክፍል ሽጉጥ አይገባም። የመጣ ሁሉ ቀበቶውን ከነአፎቱ ምስማር ላይ ሰቅሎ ይገባል፣ ሲወጣ ታጥቆ ይሄዳል።

ያን ቀን ጠዋት ክርክር ነበር፤ ከአንዱ ምስማር ላይ ቀበቶ ተንጠልጥሏል፤ አፎቱ ባዶ ነው። ወለሉ ላይ አንድ የተተኮሰ ቀለሃ አገኘን። ከጠረጴዛው ሥር ደግሞ አንዲት ያልተተኮሰች ጥይት ተኝታለች። ሽጉጡን ከሱቁ ጀርባ ካለው የቆሻሻ በርሜል አወጣነው። ጥሩ አድርገው ወልውለውታል፤ የጣት አሻራ የሚባል የለበትም። ቁጥሩ ግን የማን እንደሆነ ነገረን። የሹፌሩ ነው።

ሹፌሩ የረጅም መንገድ መኪና ሲነዳ ያረጀ ሰው ነው። ስንደውልለት መንገድ ላይ ነበር።

«ልጄ ወልዳለች፤ ወደሷ እየሄድኩ ነው» አለን።

«ጣቢያ ይፈለጋሉ» ስንለው ለምን ብሎ እንኳን ሳይጠይቅ መኪናውን አዙሮ መጣ። የኋላ ወንበር ላይ አዲስ የሕፃን ብርድ ልብስ፣ ላስቲኩ እንኳን ሳይወልቅ፣ ተቀምጦ ነበር።

«አባባ፣ ሽጉጥዎ የት ነው?» አልኩት።

ወገቡን ዳበሰ። ፊቱ አመድ መሰለ። «ምስማሩ ላይ ረስቼዋለሁ» አለ። «ክርክር ላይ እያለን ስልክ ተደወለልኝ። ሴት ልጅ ተወለደች አሉኝ። ከዚያ በኋላ በበር ልውጣ በመስኮት አላውቅም።»

ይኼን ለአለቃዬ ብነግረው ሳቀ። አለቃዬ ሲስቅ ደስ ብሎት አይደለም።

«ሽንት ቤት ስገባ እንኳን ከወገቤ አላወልቀውም እያለ የሚምለው ሰውዬ ነው ዛሬ የረሳው? ጠዋት ከጠጋኙ ጋር ሲጯጯህ መንደሩ ሁሉ ሰምቷል። ተመልሶ መጣ፣ ከምስማሩ ላይ መዘዘ፣ ተኮሰ፣ ጥሎ ሮጠ። ሽጉጡ የሱ፣ ጥይቱ የሱ፣ ጠቡ የሱ። ሌላ ምን ቀረሽ?»

«ያልተተኮሰችው ጥይት ቀረችኝ» አልኩት።

«የሽጉጥ ጠጋኝ ቤት ጥይት ቢገኝ ምን ይገርማል? ዳቦ ቤት ዱቄት ብታገኚ ትገረሚያለሽ?»

አልተከራከርኩትም። ሹፌሩን በመንገዱ ላይ አየሁት የሚል ሰው አልተገኘም፤ ነዳጅ የቀዳለት ልጅም አላስታውስም አለ። ማረፊያ ክፍል አስገባነው። በሩ ሲዘጋበት አልተቆጣም፣ አልማለም። «ልጄ፣ የልጅ ልጄን እኮ አላየኋትም» ብቻ አለኝ። ያቺ ቃል ቤቴ ድረስ ተከትላኝ ሄደች።

አንድ ነገር ተምሬያለሁ። ሰውን ስለ ትዳሩ ጠይቀው፣ አፉን ይዘጋል። ስለ ሽጉጡ ጠይቀው፣ እስኪመሽ ያወራልሃል። እኔ መንግሥት የሰጠኝን ታጥቄ የምዞር ነኝ፤ ምርጫ የለኝም፣ ሐሳብም የለኝም። ስለዚህ ክርክር ላይ የነበሩትን ሁሉ በዚያው ጥያቄ ጀመርኳቸው፤ ለወገብ የሚሆነው የትኛው ነው?

መጀመሪያ የሄድኩት አንጥረኛዋ ዘንድ ነው። ልብስ ሰፊው፣ ሁሉም ከተበተነ በኋላ ተመልሳ ስትመጣ አይቻታለሁ ብሏል። ጠና ያለች ሴት ናት፤ ከባሏ ሞት ወዲህ የወርቅ ሱቁን ብቻዋን ይዛለች። ዓይኗ ላይ ማጉያ ተክላ የጆሮ ጉትቻ ትበይዳለች።

«እትዬ፣ ለምን ተመለሱ?»

«መነጽሬን ረስቼ ነዋ። ደጃፉ ላይ ቆሜ ጠራሁት፣ አምጥቶ ሰጠኝ። እንኳን ልተኩስበት፣ መነጽሩን በሸሚዙ ጠርጎ ነው የሰጠኝ።»

«ብቻውን ነበር?»

«ውስጥ ሰው ነበር፤ አላየሁትም። ከመጥራቴ በፊት ግን ጠጋኙ ሲያወራ ሰምቻለሁ። ‹የተበላሸው ሽጉጡ አይደለም› ሲል። ያ ሹፌር ተመልሶ ሊጨቃጨቅ መጣ ብዬ ሄድኩ።»

የሷን ሽጉጥ አየሁት፤ ከመዳፌ አይበልጥም።

«ሁሉም ይስቁብኛል» አለች። «እኔ ደግሞ ከባዱን ሽጉጥ ገዝቶ ቤቱ ትቶት ከሚወጣ ሰው፣ ትንሿን ይዞ የሚወጣ ይሻላል እላለሁ። ደግሞ ይኼን እይው።» ግራ እጇን ዘረጋችልኝ። አንጓው ተሰብሮ ጠማማ ገጥሟል። «ማቀባበል አልችልም፤ ብረቱን ወደ ኋላ ስቦ ጥይት የሚያጎርስ እጅ የለኝም። ጠጋኙ ነው የሚያቀባብልልኝ፤ እኔ መቆለፊያውን ዘግቼ እይዘዋለሁ። እንዲህ አድርጎ የመረጠልኝ እሱ ነው። እግዜር ይማረው እንጂ፣ ሌላ ማን አለኝ?»

ወጥቼ መንገድ ላይ ስደርስ ከሷ ላይ ጥርጣሬዬን አነሣሁ። ለምን እንደሆነ ያኔ ቃል አልነበረኝም፤ ያ የተሰበረ አንጓ ግን አእምሮዬ ላይ ቀረ።

ከተከራካሪዎቹ አንዱ የሆነው ፋርማሲስት መድኃኒት ቤቱ ውስጥ በነጭ ጋውን ተቀበለኝ። ትሑት ሰው ነው፤ ወንበሩን ጠርጎ ነው ያስቀመጠኝ። ስለ ጠጋኙ ሲያወራ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«እርስዎስ ምን ዓይነት ይመርጣሉ?» አልኩት።

«ዓይነቱ ለኔ ዋና ነገር አይደለም» አለ። «ዋናው አያያዙ ነው። ሹፌሩ ጥይት የጎረሰ ሽጉጥ ታጥቆ ይዞራል፤ ቃታውን መሳብ ብቻ ነው የሚቀረው። እኔ ግን ዕድሜ ልኬን ባዶ አፍ ነው የምይዘው። ጥይቱ ካርታው፣ መያዣው ውስጥ ይቀመጥ። ክፉ ነገር ቢመጣ መጀመሪያ አቀባብላለሁ። በማቀባበሉና በመተኮሱ መካከል ያለችው ጊዜ ትንሽ ናት፤ ሆኖም ሰው ሊያስብባት ይችላል። ሰው ከሆነ ያስብባታል።»

እውነቱን ልናገር፣ ንግግሩ ደስ አሰኘኝ። ከሁሉም የሱን ሐሳብ ወደድኩ።

«ዛሬስ ሽጉጥዎ አብሮዎት ነው?»

«ከጠጋኙ ዘንድ ነው። ተበላሽቶብኝ ከሰጠሁት ሰንብቷል። ለዚህ ነው ምስማር ላይ ምንም ያልሰቀልኩት።»

«ተኩሱ ሲሰማ የት ነበሩ?»

«ቤቴ፣ ምሳ ላይ። ባለቤቴን ይጠይቋት።»

ጠየቅኳት። በሩን ከፈት አድርጋ፣ መሬት መሬቱን እያየች «አዎ፣ አብሮኝ ነበር» አለች። በሩንም መልሳ ዘጋችው። ሽጉጥ የሌለው ሰው ነው፣ ምስክርም አለው ብዬ ተመለስኩ።

ማረፊያ ክፍል ስገባ ሹፌሩ ያቺን ብርድ ልብስ አምጡልኝ ብሎ ለምኖ፣ ጭኑ ላይ አስቀምጧታል። ያልተተኮሰችውን ጥይት አሳየሁት።

«የኔ ነች» አለ ወዲያው። «ከየት አመጣሻት?»

«ከወለሉ ላይ። ካፕሱሏ አልተመታም። ምናልባት መጀመሪያ አቀባብለው ሲተኩሱ ወድቃ ይሆናል።»

ሰው ተኩሰህ መታህ ሲባል ያልተቆጣው ሰውዬ ብድግ አለ።

«እኔ? እኔ አቀባብዬ? ልጄ፣ ስድብም ልክ አለው። የኔ ሽጉጥ እኮ ሁልጊዜ እንደጎረሰ ነው። የጎረሰን ሽጉጥ ብታቀባብይው አፉ ውስጥ ያለችው ጥይት ተስፈንጥራ ትወድቃለች፤ ሌላ ትገባለች። እንዲህ የሚያደርግ የሽጉጡን ነገር የማያውቅ ሰው ነው። እኔማ ሁለት እጅ የሚጠይቅ ሽጉጥ አልይዝም። ይኼን ሁሌም እነግራቸዋለሁ፤ ክፉ ቀን ሲመጣ አንዱ እጅህ መሪ ይዞ ቢሆንስ? ልጅ ታቅፎ ቢሆንስ? በየትኛው እጅህ ታቀባብላለህ?»

ተቀመጥኩ። የአንጥረኛዋ ጠማማ አንጓ፣ የፋርማሲስቱ ለስላሳ ድምፅ፣ የዚህ ሽማግሌ ቁጣ ባንድ ላይ መጡብኝ። ሹፌሩ ማቀባበል አያስፈልገውም። አንጥረኛዋ ብትፈልግም አትችልም። የተኮሰው ሰው ግን የጎረሰን ሽጉጥ አቀባብሏል፤ ሽጉጡ የሱ አልነበረም፣ እጁ ግን የለመደችውን አደረገች።

«አባባ፣ እግዜር ይስጥልኝ» አልኩት።

«ለምኑ?»

«ስለተቆጡ።»

የጠጋኙ ሚስት ሆስፒታል በር ላይ ነበረች። ከቀዶ ሕክምናው ወጥቶ ገና አልነቃም። ይዛኝ ሱቅ ሄደችና ካዝናውን ከፈተችልኝ። የፋርማሲስቱ ሽጉጥ በንጹሕ ጨርቅ ተጠቅልሎ ከታች ተቀምጧል። ከጣቢያችን የመሣሪያ ባለሙያ ጠርቼ አስፈተሽኩት። ፈታው፣ ገጠመው፣ አሸዋው በርሜል ውስጥ ተኮሰው።

«ይኼ ምንም የለበትም» አለ። «እንደውም ከኔ ይሻላል።»

ወደ ጠጋኙ ሚስት ዞርኩ። «ታዲያ ለምን ያዘው?»

«እኔም ጠይቄው ነበር» አለች። «ሰውየው እየመጣ ይጨቀጭቀዋል፣ እሱ ገና ነው እያለ ይመልሰዋል። ሥራለት ወይ ስጠው ብለው፣ ‹የተበላሸው ሽጉጡ አይደለም› አለኝ። ከዚያ በላይ አልነገረኝም። የሰው ምስጢር ሲይዝ እንደዚያ ነው።»

ልብስ ሰፊው በመካከል ብቅ አለ፤ ተኩሱን ሰምቶ ነው። ፊቱ ነጭ ሆኗል። የጣቢያችን ባለሙያ ግራ ሲገባው እኔ በግድግዳው በኩል «ደህና ነው» እንዲል ነገርኩት።

ፋርማሲስቱን ለአንዳንድ ማብራሪያ ብዬ ቢሮዬ አስጠራሁት። ጠረጴዛዬ ላይ የኔን ሽጉጥ፣ ጥይቱን ፊቱ አውጥቼ፣ ባዶውን አስቀመጥኩ።

«በቀደም ስለ አያያዝ የነገሩኝ በጣም ገባኝ» አልኩት። «እስቲ አንድ ጊዜ ያሳዩኝ። ያ ግድግዳ ጠላት ነው።»

ፈገግ አለ። ሰው የሚያውቀውን እንዲያሳይ ሲጠየቅ ደስ ይለዋል። ሽጉጡን አነሣ፤ ገና ወደ ግድግዳው ሳይዞር ግራ እጁ መጥታ ብረቱን ወደ ኋላ ስባ ለቀቀች። ባዶ መሆኑን ፊቱ አሳይቼው ነበር። ቢሆንም አቀባበለው።

«አመሰግናለሁ» አልኩና፣ ያቺን ያልተተኮሰች ጥይት ከመሳቢያዬ አውጥቼ ፊቱ አቆምኳት። «ይቺ የሹፌሩ ናት። ወለሉ ላይ ያወጣት ግን ሹፌሩ አይደለም።»

ጥይቷን አየና ሽጉጡን ቀስ አድርጎ መለሰልኝ። ከዚያ ውኃ ለመነ፤ ሰጠሁት፣ አልጠጣውም።

በዚሁ ጊዜ ሚስቱ ከውጭ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። አብራው ነበር የመጣችው። ወጥቼ ጎኗ ተቀመጥኩ።

«የኔ እመቤት፣ ሽጉጡን ጠጋኙ ዘንድ ያስቀመጠው ማነው?» አልኳት።

አለቀሰች። መናገር የጀመረችው ለቅሶዋ ሳያቆም ነው። «እሱ ራሱ ነው፣ ይታይልኝ ብሎ። እኔ ግን ተከትዬ ሄጄ ለመንኩት። ግንባሬ ላይ ደግኖብኛል፣ አንዴ አይደለም፤ እባክህ ወንድሜ አትመልስለት አልኩት። እሺ እህቴ አለኝ። ምንም አልጠየቀኝም። እስከዛሬ ይዞልኝ ነበር። በኔ ምክንያት ነው የተመታው።»

«በእርስዎ ልመና የተረፈ ሰው ቢኖር እርስዎ ነዎት» አልኳት። «ምሳ ላይ አብሮዎት ነበር?»

«አልነበረም» አለች። ቀና ብላ ስታየኝ ያ የመጀመሪያዋ ነው።

ፋርማሲስቱም ጣቢያ ካደረ በኋላ ሁሉንም ተናገረ። ሌሎቹ ሲበተኑ ጠብቆ ተመልሷል። ሽጉጤን ስጠኝ አለ፤ ጠጋኙ እምቢ አለው፣ ለምን እንደሆነም ነገረው። አንጥረኛዋ መነጽሯን ተቀብላ ስትሄድ እሱ ከኋላው ክፍል በር ላይ ቆሟል፤ ከትከሻው አጠገብ የሹፌሩ ቀበቶ ተንጠልጥሏል። መዘዘው። አቀባበለ። ያቺ ሊያስብባት ይችላል ያላት ትንሽ ጊዜ ተሰጥታው ነበር፤ አሰበባትና ተኮሰ። ንግግሩን ወድጄለት ስለነበር ይኼን ስሰማ አፈርኩ።

ሹፌሩን ያስወጣሁት እኔ ነኝ። አለቃዬ «ዳቦ ቤት ዱቄት» ያለውን ሳላስታውሰው በራሱ አስታውሶ፣ የመኪናውን ቁልፍ ራሱ አምጥቶ ሰጠው። ሹፌሩ ግን ወደ ልጁ ከመሄዱ በፊት ሆስፒታል አድርሱኝ አለ።

እዚያ ስንደርስ አንጥረኛዋ ኮሪደሩ ላይ ናት። ልብስ ሰፊው አልጋው አጠገብ ተቀምጦ፣ ላዲሱ የሙሽራ ሱሪ እጥፋት እየሰፋ ነው። ጠጋኙ ዓይኑን ገልጦ ጎረቤቱን አየው፤ ቀስ አድርጎ መዳፉን አልጋው ጠርዝ ላይ መታ መታ አደረገ።

«ደህና ነው» አለ።

ልብስ ሰፊው መርፌውን ጣለ። ሹፌሩ ግድግዳ ተደግፎ እንደ ሕፃን አለቀሰ። እኔም፣ ምርመራ ላይ ነኝ ብዬ፣ መስኮቱን ማየት ጀመርኩ። ተመስገን ያልኩት በሆዴ ነው፤ ነርሷ ግን ሰምታኛለች።

ጉዳዩ አልቆ የሹፌሩ ሽጉጥ እንዲመለስለት ሲፈቀድ ወራት አልፈው ነበር። ይዤው ወደ ሱቁ የሄድኩት የክርክራቸው ቀን መሆኑን አውቄ ነው። የጠጋኙ ቀኝ ክንድ ገና አልተነሣም፤ አፉ ግን ድኗል። ሕጉም ተለውጧል፤ አሁን ደጃፉ ላይ ጥይት ሳይወጣለት ምስማር ላይ የሚሰቀል ሽጉጥ የለም። የፋርማሲስቱ ሚስት ከኋላው ክፍል ሻይ እየቀዳች ነበር። መድኃኒት ቤቱን አሁን እሷ ነች የምታሠራው፤ ጠጋኙ ዘንድ የምትመጣው የቁስሉን ፋሻ ልትቀይርለት ነው፣ ሻዩ ምርቃት ነው።

ሹፌሩ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ያቺን ብርድ ልብስ ከነባለቤቷ ታቅፏል። ልጅቷ አድጋለች፤ በአንድ እጇ ጢሙን ይዛ ትጎትታለች። ሽጉጡን ከነቀበቶው ፊቱ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩለት።

«ይኸውልዎት አባባ። ባዶ ነው፤ ጥይቱ ለብቻው አለ።»

አየው። ነገር ግን አልተንቀሳቀሰም።

«ውሰደዋ» አለው ጠጋኙ። «ሽንት ቤት እንኳን አላወልቀውም ስትል አልነበር? ምን ትጠብቃለህ?»

ሹፌሩ አንዱን ክንዱን ከልጅቷ ጀርባ፣ አንዱን ከእግሯ ሥር አየ።

«በየትኛው እጄ?» አለ።

ጠጋኙ በደህናው እጁ ቀበቶውን አንሥቶ ምስማሩ ላይ ሰቀለው። እስካሁን እዚያው ነው።